ኤልቪራ ውሃ የጠየቀችበት ሳምንት

ከአሜሪካ ከተመለስኩ አምስት ወር ሆነኝ። ሆሳዕና ውስጥ ያገኘኝ ሰው ሁሉ «እስቲ ያየኸውን አውራን» ይለኛል። መንገዱን አውርቻለሁ፣ ፎቁን አውርቻለሁ፣ ጉምሩክ ላይ የገጠመኝንም ደጋግሜ አውርቼ አስቄበታለሁ። ያላወራሁት አንድ ነገር ቀርቷል። ይህን ማስታወሻ የምጽፈው እሱን ለመናገር ነው። ሌላውን የምጨምረው ወደዚያ ነገር በምን መንገድ እንደደረስኩ አንባቢ እንዲያውቅልኝ ብዬ ነው።

ሠላሳ አንድ ዓመት የወንጌል ትምህርት ቤት መምህር ነበርኩ። ከሁሉ አብልጬ ያስተማርኩት አንድ ነገር ነው፦ ወንጌል ከአይሁድ ወገን ወጥቶ ወደ አሕዛብ እንዴት እንደደረሰ። ሕጉን የማያውቅ፣ ያልተገረዘ፣ ቋንቋው ሌላ የሆነ ሰው እንዴት ከቀደሙት አማኞች ጋር በአንድ ማዕድ እንደተቀመጠ። ተማሪዎቼ ከኋላዬ «መምህር አሕዛብ» ይሉኝ እንደነበር የሰማሁት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው።

ሳምራዊት ከእነዚያ ተማሪዎች አንዷ ናት። ዲቪ ደርሷት ሎስ አንጀለስ ከገባች አሥራ አራት ዓመት አልፏታል። ባሏ እዚያው አርፎ አንዲት ልጇን ብቻዋን አሳደገች። ለሳምንት መጥቼ ይህንኑ ትምህርት እንዳስተምር የጋበዘኝ የእሷ ቤተ ክርስቲያን ነው።

ማክሰኞ

ከሆሳዕና በጠዋት ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ባለቤቴ ለሳምራዊት አምስት ኪሎ ቡላ በላስቲክ ጠቅልላ፣ ላስቲኩን በነጠላ አስራ ሻንጣዬ ውስጥ አስገባችልኝ። «ኮትህ ቢቀር ይቅር፣ ይህ እንዳይቀር» አለችኝ። ወራቤ ስንደርስ ጎማ ፈነዳ። ሾፌሩ መለዋወጫውን ቢያወርድ እሱም ተንፍሷል። መንገድ ዳር ቤት ያላት አንዲት ሴት ወንበር አውጥታ እኔንና ሁለት አሮጊቶችን ከጥላ ሥር አስቀመጠችን፤ ቂጣና አይብም አቀረበችልን። ስማችንን እንኳ ሳትጠይቀን ጎማው ተሠርቶ መጣ። አዲስ አበባ የደረስኩት ከሰዓት በኋላ ነው። የወንድሜ ልጅ ቤት አደርኩ።

ረቡዕ

ረቡዕ ተነስቼ የደረስኩትም ረቡዕ ነው። ፀሐይዋን እየተከተልን ስለምንበር ቀኑ አላልቅ አለ። ምግብ ባመጡልን ቁጥር ምሳ ይሁን እራት እንደማላውቅ ሳልናገር እየበላሁ ሄድኩ።

ሎስ አንጀለስ ጉምሩክ ላይ ሻንጣዬን ከፈቱት። ወጣቱ ሠራተኛ የባለቤቴን ነጠላ ፈትቶ ላስቲኩን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። አምስት ኪሎ ነጭ ዱቄት!

«ይህ ምንድን ነው?» አለኝ።

እንግሊዝኛዬ የመጽሐፍ ነው፤ አነባለሁ እንጂ ብዙ አልተናገርኩበትም። እንሰት በእንግሊዝኛ «የውሸት ሙዝ» እንደሚባል ስለማውቅ «ከውሸት ሙዝ የሚሠራ ዱቄት ነው» አልኩት።

ሰውየው ቀና ብሎ አየኝ። «ታዲያ በእውነቱ ምንድን ነው?» አለኝ።

አንድ ሌላ ሠራተኛ ጠራ፤ ዱቄቱን በወረቀት ነክተው በመሣሪያ አዩት። እኔ ጫማዬን አስወልቀውኝ በካልሲ ቆሜ ለባለቤቴ ምን ብዬ እንደምነግራት አስብ ነበር። በመጨረሻ ወጣቱ ላስቲኩን ራሱ መልሶ ጠቀለለልኝ። የባለቤቴን አስተሳሰር ግን አልቻለበትም።

ሳምራዊት በመኪናዋ ወሰደችኝ። መንገዱ በአንድ በኩል ብቻ ስድስት መኪና ጎን ለጎን ያስኬዳል፤ ግን ጥሩምባ አይሰማም። እኛ ጋ ጥሩምባ ሰላምታም ይቅርታም ነው፤ እዚያ ስድብ ነው አሉኝ። ቤቷ ባልድዊን ሂልስ ነው፤ ኮረብታ ላይ ከተደረደሩ የኪራይ ቤቶች ሁለተኛው ፎቅ። ከኮረብታው ማዶ ነዳጅ የሚስቡ ብረቶች እንደ ታሰረ በሬ ራሳቸውን ዝቅ ከፍ ያደርጋሉ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሞላት ልጇ ቤቴል መኝታ ክፍሏን ለቃልኝ ሶፋ ላይ ተኛች። እምቢ ብል «ጋሼ፣ ኢትስ ኦኬ፣ ሶፋው ይመቸኛል» ብላ በሩን ዘጋችብኝ።

ሐሙስ

እናትና ልጅ በጠዋት ወደ ሥራና ወደ ኮሌጅ ሄዱ። ፀሐይ ልሙቅ ብዬ በነጠላ ጫማ ደጅ ወጣሁ። በሩ ከኋላዬ ተዘጋ። የእኛ ቤት በር ካልዘጉት አይዘጋም፤ የእነሱ ራሱን ይቆልፋል። ስልኬ ቤት ውስጥ ነው፣ የሳምራዊትን ቁጥር በቃሌ አላውቀውም። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

ከታችኛው ቤት አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት አሮጊት ወጣች። ሰማንያ ሳያልፋት አይቀርም። ነገሩን በምልክትም በቃልም ሳስረዳት ሳቀችና እጄን ይዛ ወደ ቤቷ አስገባችኝ። የማን ነህ አላለችም። እንቁላል ጠበሰች፣ ድንች ጠበሰች፣ ከጎኑም በቀጭኑ የተቆረጠ፣ የሚያብረቀርቅ ሥጋ አደረገች። ሽታው አዲስ ሆነብኝ። ጠየቅኋት። የአሳማ ነው።

በዕድሜዬ ቀምሼው አላውቅም። ሠላሳ አንድ ዓመት ግን ጴጥሮስ በኢዮጴ ጣሪያ ላይ ያየውን ራእይ፣ ከሰማይ የወረደውን ጨርቅና በውስጡ የነበሩትን እንስሳት፣ እየተቆጣሁ ጭምር አስተምሬአለሁ። አሮጊቷ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ትጠብቀኛለች። ዓይኔን ጨፍኜ በላሁ። ጨው የበዛበት ደህና ሥጋ ነው። ስትጨምርልኝም በላሁ።

ሳምራዊት ማታ ከሥራ እስክትመለስ እዚያው ነበርኩ። አሮጊቷ የሟች ባሏን ፎቶ አሳየችኝ፣ አብረን ጸለይን፣ በኮክ የተጋገረ ጣፋጭ በሣህን አስይዛ ሰደደችኝ።

ዓርብ

የሳምራዊት ቤተ ክርስቲያን የራሱ ሕንፃ የለውም። ክሬንሾው በሚባል ሰፈር የጥቁር አሜሪካውያን ማኅበረ ምእመናን በሕንፃቸው እንዲገለገሉ ፈቅደውላቸዋል። እነሱ ጠዋት ያመልካሉ፤ የእኛዎቹ ከሰዓት በኋላ ይገባሉ። ከመድረኩ ጀርባ በሰማያዊ ሸክላ የተነጠፈ የጥምቀት ገንዳ አለ። በሆሳዕና ወንዝ ለመውረድ የምንሄድበትን ጭቃ አስቤ ቀናሁ።

ከሥራ የመጣው ሁሉ ዩኒፎርሙን እንደለበሰ ተቀመጠ፤ ሾፌሩ፣ አስታማሚዋ፣ ሱቅ የሚሠራው። አስተማርኳቸው። በጋዛ መንገድ በሠረገላው ላይ ያነብ ስለነበረው ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ ስናገር ቤቱ በአሜን ተናወጠ፤ የራሳችን ሰው ነዋ። ውሃ ሲያይ ልጠመቅ አለ፤ ያስተማረው ሰውም ቆይ አላለውም፣ ሠረገላውን አስቁሞ አብሮት ወረደ አልኳቸው። ከዚያ ጴጥሮስ ወደ ሮማዊው መቶ አለቃ ወደ ቆርኔሌዎስ ቤት እንዴት እንደገባ ነገርኳቸው። አያቴን ያጠመቁት ከወላይታ የመጡ፣ ሀድይኛ የማይችሉ ሰዎች እንደነበሩ፣ አያቴም የመዳንን ነገር በአስተርጓሚ እንደሰማ አወራሁላቸው። በመጨረሻ የአሮጊቷን ቁርስ ነገርኳቸው። ሳቁ፣ አጨበጨቡ። የጉባኤው መሪ ሽማግሌ ጋሽ በቀለ እንኳ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። እንደዚያ ምሽት ደስ ብሎኝ አስተምሬ አላውቅም።

ስጨርስ ሳምራዊት አንዲት ሴት ይዛ መጣች። አጭር፣ አርባ ዓመት ያለፋት፣ ጸጉሯን ወደ ኋላ የጎነጎነች።

«ጋሼ፣ ኤልቪራ ትባላለች። ግሌንዴል፣ አረጋውያን የምንከባከብበት ቤት አብረን ነው የምንሠራው። ከጓቲማላ ናት። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ እሑድ ቀርታ አታውቅም። እኔ በጆሮዋ በእንግሊዝኛ እየተረጎምኩላት ነው የምትከታተለው።»

ኤልቪራ ሁለት እጄን ያዘች። «ጋሼ፣ ጥሩ ትምህርት። አመሰግናለሁ» አለች በአማርኛ። ከቦርሳዋ ደብተር አወጣች። መዝሙሮቻችንን በራሷ ፊደል፣ በድምፃቸው ልክ ጽፋቸዋለች፤ ከሥራቸው ትርጉማቸውን በስፓኒሽ። ወደ ሰባ መዝሙር ይሆናል። አንዱን ስንኝ ቀስ ብላ አዜመችልኝ። ሁለት ፊደል ሳተች እንጂ ዜማው ልክ ነው።

«እሑድ ሰባት ልጆች ይጠመቃሉ» አለችኝ ሳምራዊት። «ቤቴልም አለችበት። ኤልቪራም ከእነሱ ጋር ልጠመቅ ብላለች። እናቷ አገሯ ታመውባት ማክሰኞ ትሄዳለች። ከወጣች ደግሞ መመለሻ ወረቀት የላትም፣ ጋሼ። ነገ ሽማግሌዎች ይነጋገሩበታል፤ እርስዎም እንዲገኙ ይፈልጋሉ።»

«ምን ያነጋግራል?» አልኩ። እውነቴን ነበር።

ቅዳሜ

ጋሽ በቀለ ምሳ ሊጋብዙኝ ፌርፋክስ ጎዳና ወሰዱኝ። የአማርኛ ጽሑፍ ከሱቅ ሱቅ ይቀጥላል፤ ምግብ ቤት፣ ቅመም ቤት፣ ጸጉር ቤት። ቤት የገባሁ መስሎኝ አንዱን አላፊ «እንደምን ዋሉ» ብለው በስፓኒሽ መለሰልኝ። ክትፎ በቆጮ አዘዙልኝ። ክትፎው ድንቅ ነው። ቆጮው ግን በረዶ ሆኖ ባሕር ተሻግሮ ስለመጣ ጫማ ጫማ ይላል፤ ጋሽ በቀለ እንዳይከፋቸው እያመሰገንኩ ጨረስኩት።

ጋሽ በቀለ መልካም ሰው ናቸው። ይህን የምለው ጥፋቱ በእሳቸው ላይ እንዳይቀር ነው። ጉባኤውን በአንድ ሳሎን ስምንት ሆነው እንደጀመሩ ነገሩኝ።

«መምህር፣ የጥምቀት ትምህርቱ ስድስት ወር ነው፣ በአማርኛ። ፈተናውም በአማርኛ። ለምን መሰለዎት? ድሮ ሥርዓት አልነበረንም። መጥተው ይጠመቃሉ፣ ለኢሚግሬሽን የቤተ ክርስቲያን ደብዳቤ ያጽፋሉ፣ ከዚያ አናያቸውም። ተጎዳን። ልጆቻችንም ቋንቋውን እየጣሉት ነው። ዛሬ ለአንድ ሰው በእንግሊዝኛ ከከፈትን ነገ አንድም ልጅ በአማርኛ አይማርም።»

«ሴትዮዋ ግን ደብዳቤ የምትፈልግ አትመስለኝም» አልኩ።

«አትፈልግም። ጥሩ ሴት ናት። እኔ የምፈራው ሥርዓቱን ነው።» ውሃ ቀዱልኝና ቀጠሉ። «ደግሞ ይህ ጉባኤ ወዶዎታል። በየዓመቱ እንዲመጡልን ነው ሐሳባችን።»

ይህ አባባል ልቤን እንዴት እንዳሞቀው አልሸሽግም። ጡረታ የወጣ መምህርን ማንም በየዓመቱ ና አይለውም።

ስብሰባው የሕፃናት ክፍል ውስጥ ነበር። አምስት ሽማግሌዎችና እኔ በልጆች ወንበር ላይ ጉልበታችን አገጫችን ደርሶ ተቀመጥን። ሳምራዊትና ኤልቪራ በሩ አጠገብ ቆሙ። ሳምራዊት ነገሩን አስረዳች፤ ስለ ወረቀቱም፣ ስለ እናቷም። አንዱ ሽማግሌ «ትጠመቅ» አለ፣ አንዱ «ለሌሎቹ ምን እንላለን?» አለ። ከዚያ ጋሽ በቀለ ወደ እኔ ዞሩ።

«መምህር አሉ አይደል፤ በእሳቸው ቃል እንስማማ። ምን ይላሉ?»

ሁሉም አየኝ። አሁን ሳስበው አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ያን ቃል ከሆሳዕና ይዤው ነው የመጣሁት፤ ዓርብ ማታም በመድረክ ላይ ጮኼ ተናግሬዋለሁ። አፌን ስከፍት ግን የወጣው ሌላ ነው።

«ሥርዓት ያወጣችሁት በምክንያት ነው» አልኩ። «እንግዳ መጥቶ የቤቱን ሥርዓት ቢያፈርስ አያምርም። በአገሯም አማኞች አሉ። እዚያ ከቤተሰቧ ጋር ሆና ብትጠመቅ የተሻለ ምስክርነት ይሆናል።»

ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። የከበደ ነገር የወረደላቸው ይመስላሉ። ሳምራዊት አንገቷን ደፍታ በእንግሊዝኛ ተረጎመችላት። ኤልቪራ አዳመጠች። ከዚያ እንደ እኛ ሰው ጎንበስ ብላ «እሺ፣ ጋሼ» አለችኝና ወጣች።

ወደ ቤት ስንመለስ ሳምራዊት እራት አቀረበችልኝ፣ እጄን አስታጠበችኝ። ዓይኔን ግን አላየችውም።

እሑድ

ሰባቱ ወጣቶች ነጭ ለብሰው ተሰለፉ። ጋሽ በቀለ ገንዳው ውስጥ አብሬአቸው እንድገባ ጠየቁኝ፤ ገባሁ። ውሃው ለብ ያለ ነው፤ እኛ ጋ ሰው ከወንዝ ሲወጣ ጥርሱ ይንገጫገጫል። ቤቴል አራተኛ ነበረች። ስትወጣ ደረጃው አናት ላይ ፎጣ ዘርግታ የተቀበለቻት ኤልቪራ ናት።

ማንም አላዘዛትም። ሰባቱንም አንድ በአንድ ጠቅልላ፣ ጸጉራቸውን አድርቃ፣ ጉንጫቸውን ሳመች። እኔ በመጨረሻ ስወጣ ለእኔም ፎጣ ይዛ ቆማ ነበር። ተቀበልኳት። ምን እንዳልኳት አላስታውስም።

መኪና ውስጥ ቤቴል ከኋላ ተቀምጣ ጸጉሯን ትጨምቅ ነበር።

«ጋሼ፣ ልጠይቅህ?»

እናቷ «ልጠይቅዎት በይ» አለቻት።

«ሶሪ። ሶ ፈተናውን እኔ እንዴት እንዳለፍኩ ታውቃለህ? ሸምድጄ። ግማሹ አልገባኝም። ኤልቪራ ግን ሁሉንም ታውቃለች፤ እኔን ያስጠናችኝ እሷ ናት። ሶ ዓርብ ያስተማርከውን ሳስብ ኮንፊውዝ ሆንኩ። ያ ለድሮ ሰዎች ብቻ ነው?»

ሳምራዊት ዝም በይ አላለቻትም። የተናገርኩት «ልክ ነሽ» ብቻ ነው፤ ስለ ቅዳሜው ቃሌ እንደሆነ ለሁለቱም ገብቷቸዋል መሰለኝ።

አሳማ መብላቱ ቀላሉ ነበር። ያን ሳደርግ የሚከፋብኝ ሰው አልነበረም።

ሰኞ

በጠዋት ሳምራዊትን «ኤልቪራ ዘንድ ውሰጂኝ» አልኳት። ለመጀመሪያ ጊዜ ከቅዳሜ ወዲህ ቀና ብላ አየችኝ።

ግሌንዴል በጸዱ መንገዶችና በተከረከመ ሣር የተሞላ ነው። አረጋውያኑ ያሉበት ቤት ከውጪ ሲያዩት ተራ መኖሪያ ነው፤ ስድስት ሽማግሎችና አሮጊቶች አሉበት። የኤልቪራ የመጨረሻ የሥራ ቀኗ ነበር። እዚያው አድራ ማክሰኞ ጠዋት የአጎቷ ልጅ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ይወስዳታል። አንሶላ እያጠፈች አገኘናት። እኔም ሌላኛውን ጫፍ ያዝኩ።

«ኤልቪራ፣ ቅዳሜ ያልኩት ስህተት ነው» አልኳት። «ፈርቼ ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ሳምራዊት ልትተረጉም ስትል ኤልቪራ እጇን አነሳች። ገብቷታል።

«ጋሼ፣ እዚያ ክፍል ሁሉም ያወራል» አለች በተሰባበረ አማርኛ። «አንድ ሰው ‹ኤልቪራ፣ ምን ታምኛለሽ?› አይለኝም። አሁን ጠይቀኝ።»

አፈርኩ። አንሶላውን አስቀምጬ ቆሜ ጠየቅኋት። አንዳንዱን በአማርኛ፣ ሲያልቅባት በእንግሊዝኛ መለሰችልኝ። ከሦስት ዓመት በፊት በትኩሳት ወድቃ ነበር፣ ብቻዋን፣ በተከራየችው ክፍል። ሳምራዊት ወደ ቤቷ ወሰደቻት። የቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች በየተራ መጡ። አጥሚት ሠሩ፣ ገላዋን አጠቡ፣ አልጋዋን ከበው በማታውቀው ቋንቋ ጸለዩ።

«የሚሉት አይገባኝም» አለች። «ለማን ብለው እንደመጡ ግን ገባኝ። ‹ይህን ሰው አሳዩኝ› አልኩ። ኢየሱስን ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእሱ ነኝ።»

ሠላሳ አንድ ዓመት ፈተና አርሜአለሁ። እንደዚያ ያለ መልስ የጻፈልኝ ተማሪ የለም።

ሳምራዊት እንባዋን ጠርጋ የመታጠቢያ ቤቱን በር ከፈተች። ለአረጋውያን ተብሎ የተሠራ ሰፊ ገንዳ አለ። «ጋሼ፣ ይኸው ውሃ» አለችኝ። «አሁን እሞላዋለሁ።»

እዚህ ላይ ብዕሬ ይከብደኛል። እጅጌዬን ጠቅልዬ ነበር። ግን «ቆይ፣ ለጋሽ በቀለ ልንገራቸው» አልኩ። ለምን? ዛሬም አላውቅም። ሰው ሳያውቅ ማድረግ ሌብነት መሰለኝ። ኮሪደር ወጥቼ ደወልኩ።

«መምህር፣ እኔ አልከለክልዎትም» አሉኝ ጋሽ በቀለ። «ግን ቅዳሜ በእርስዎ ቃል የተስማማነውን ዛሬ እርስዎ ራስዎ በጓዳ ሲያፈርሱት፣ እነዚያ ሽማግሌዎች ነገ ማንን ይስማሉ? የሚያደርጉትን ለሕሊናዎ እተወዋለሁ።»

ለሕሊናዬ ተዉልኝ። እኔ ግን ስልኩን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ውሃው ሲወርድ ይሰማኛል። አንዲት አሮጊት ከክፍሏ ደወል ደወለች፣ ኤልቪራ ልታያት ሄደች። ስትመለስ ፊቴን አየች። ማንበብ አላቃታትም፤ ሥራዋ መናገር የማይችሉ ሰዎችን ፊት ማንበብ ነው።

ገብታ ቧንቧውን ዘጋችው።

«ግድ የለም፣ ጋሼ» አለችኝ። «አንተ ጥሩ ሰው። ደክሞሃል።» ሻይ አፍልታ ሰጠችኝ። በእጆቿ ላይ ጸለይኩ፤ እሷም በእኔ ላይ ጸለየች። የእኔን ጸሎት አላስታውሰውም። እሷ ግን በስፓኒሽ ስትጸልይ የእኔን ስም ደጋግማ ስትጠራ ሰምቻለሁ።

ማክሰኞ

ከሰዓት በኋላ ተሳፈርኩ። ቤቴል ትራሷን ሰጥታኝ ነበር፣ አንገቴን እንዳያመኝ። የታችኛዋ ቤት አሮጊት ለመንገዴ ዳቦ ጠቅልላልኛለች። ጋሽ በቀለ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ መጥተው አቅፈው ሸኙኝ፤ ስለ ሰኞው ነገር አንዳችን ለሌላችን አላነሳንም። አውሮፕላኑ ሲነሳ ከተማው እስከ ባሕሩ ድረስ ተዘርግቶ አየሁት። የአሸዋውን ዳር፣ ነጩን አረፋ ሳይ፣ ያን ሁሉ ውሃ አጠገቤ ይዤ አንዲት ሴት ከልክዬ እንደመጣሁ ተሰማኝና የመስኮቱን መዝጊያ አወረድኩት።

ከተመለስኩ በኋላ

ለሽማግሌዎቹ ረጅም ደብዳቤ ጻፍኩ። ተሳስቼ እንደመራኋቸው፣ ሥርዓቱ ቢታይ መልካም እንደሆነ ገለጽኩ። ጋሽ በቀለ በአክብሮት መለሱልኝ፤ በጸሎት እያሰብንበት ነው አሉ። በሚመጣው ዓመት እንድመጣም ጋበዙኝ። እስካሁን መልስ አልሰጠሁም።

ባለፈው ሳምንት ወደ ባለቤቴ ዘመዶች ገጠር ወርደን ሁለት ቀን ቆየን። እዚያ ኔትወርክ የለም። ሆሳዕና መናኸሪያ ስንደርስ ስልኬ ጮኸ፤ ከትናንት በስቲያ የተላከ የሳምራዊት የድምፅ መልእክት ነው። ከመኪናው ወርጄ ሰማሁት።

ኤልቪራ እናቷን ቀብራለች። ከቀብሩ ወዲህ አራት ጎረቤቶቿ እሑድ እሑድ ቤቷ ይመጣሉ። ከደብተሯ መዝሙር ታስተምራቸዋለች፤ በአማርኛ ይዘምራሉ፣ ትርጉሙን ትነግራቸዋለች። አሁን አራቱ ሴቶች መጠመቅ ይፈልጋሉ። መንደሩ ተራራ ላይ ነው፣ አገልጋይ አይደርስም። «ኤልቪራ የምትለው፣ ጋሼ፣ ‹እኔ ራሴ አልተጠመቅሁም፤ እነሱን ማጥመቅ እችላለሁ ወይ? ጋሼን ጠይቂልኝ› ነው።»

ሻንጣዬን መሬት ላይ ጥዬ እዚያው በድምፅ መለስኩላት። ማንንም አልጠራሁም፣ ማንንም አላማከርኩም። «አብረው ወደ ውሃው ይግቡ በያት» አልኩ። «እርስ በርሳቸው ይጠማመቁ። የሚጠይቃት ቢኖር እኔ ነኝ ያልኩት።» ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ የመናኸሪያው ሰው ዞሮ ያየኝ ነበር። ባለቤቴ ክንዴን ያዘችኝ።

ሳምራዊት ብዙም ሳትቆይ መለሰች።

«ተባረኩ፣ ጋሼ። ግን እኮ ትናንት ወንዝ ወርደው ተጠምቀዋል! መጀመሪያ ትልቋ ሴትዮ ኤልቪራን አጠመቀቻት፤ ከዚያ ኤልቪራ አራቱንም። መልስዎን ስትጠብቅ ነበር የቆየችው። ዝናብ ሲጀምር ወንዙ ሳይሞላ ብለው ወረዱ።»

ደስ አለኝ። ለባለቤቴ ነገርኳት፤ እልል አለች። ከዚያ እሷ ዕቃችንን የሚያደርስ ባጃጅ ስትፈልግ እኔ መልእክቱን እንደገና ከፈትኩት። ሦስት ጊዜ ሰማሁት። ሁለት ጊዜ ባዶ እጇን ከመለስኳት በኋላ፣ ያን ሁሉ አገር ርቃ ሄዳ፣ አሁንም መልሴን ስትጠብቅ ነበር።